አፍ ብቻ የሚንቀሳቀስበትን ካርቱን ማን ጀመረው? (ክሩ ለረዘመባችሁ)

ሰላም የአዳማ ልጆች፣ ይሄን ጥያቄ ባለፈው ሳምንት የለጠፍኩት እኔ ነኝ። መልሱ 31 ደረሰ፣ ሶስቱን አድሚኑ አጠፋቸው፣ ዛሬ የሚገቡ ሰዎች ደግሞ ከመሀል እያነበቡ ሀና ማናት እያሉ ግራ ሲጋቡ ሳይ ከላይ እስከታች ማን ምን እንዳለ በራሴ አፍ ልተርክላችሁ ብዬ ነው። ያጣመምኩበት ሰው ካለ ይቆጣኝ።

መጀመሪያ ነገሩ ከየት እንደመጣ። ፖስታ ቤት አካባቢ ከጓደኛዬ ጋር ትንሽ ቤት አለችን፣ ባነር እናትማለን፣ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት እናደርጋለን፣ ስራ ሲገኝ ደግሞ ለሱቆች የ20 ሰከንድ የካርቱን ማስታወቂያ እሰራለሁ። አንድ ዳቦ ቤት (ስሙን ተዉት) ዳቦ ይዛ የምታወራ ሴትዮ ስራልኝ አለኝ፣ ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ፣ በሁለተኛው ሌሊት መብራት ሄዶ ሴቭ ያላደረግኩት በሙሉ ጠፋ፣ ቀኑ ደርሶ ስለነበር አፏንና አይኗን ብቻ አንቀሳቅሼ አስረከብኩ። ሰውዬው አየት አድርጎ ይቺ ሴትዮ ሽባ ናት እንዴ ብሎ ግማሹን ብር አስቀረብኝ። ተቃጥዬ ቤት ስገባ ልጄ በእናቷ ስልክ ስኩቢ ዱ እያየች ነው፣ ጎንበስ ብዬ ሳይ እዛም ሰዎቹ እንደ ስልክ እንጨት ተገትረው አፋቸው ብቻ ነው የሚሰራው! ወዲያው ለጠፍኩ። ስኩቢ ዱን የሰራው ስቱዲዮ ሀና ባርቤራ ነው፣ ቶም ኤንድ ጄሪን የሚያህል ነገር ሰርቶ ቴሌቪዥን ሲገባ ሰነፈ፣ ካርቱንን የገደለው እሱ ነው፣ ተሳሳትኩ? ብዬ።

1ኛው መልስ ሁሌም ሰላምታ አሟልቶ ከሚገባ ልጅ ነው። ስለ ዳቦ ቤቱ አዘነልኝ፣ ከዛ በትህትና ጠረበኝ። ቶም ኤንድ ጄሪ የሀና ባርቤራ ስቱዲዮ ስራ አይደለም ነው የሚለው፣ ሁለቱ ሰዎች ዊልያም ሀና እና ጆሴፍ ባርቤራ ኤምጂኤም የሚባል የፊልም ድርጅት ተቀጣሪ ሆነው ለሲኒማ ነው የሰሩት፣ ከ1940 እስከ 1958 ድረስ 114 አጫጭር ፊልም፣ ሰባት ኦስካር። (ዓመቶቹ በሙሉ የፈረንጅ ናቸው፣ ይሄን ለምን አስቀድሜ እንደምል 8ኛው ላይ ይገባችኋል።) በ1957 ድርጅቱ ሂሳብ ሲሰራ አሮጌዎቹን መልሶ ሲኒማ ቤት ማሳየት አዲስ ከመስራት ያልተናነሰ ብር እንደሚያስገባ ደረሰበትና ክፍሉን ዘጋው። ሰዎቹ ወደ ሃምሳ እየተጠጉ ሜዳ ላይ ቀሩ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የራሳቸውን ከፈቱ፣ የማን ስም ይቅደም የሚለውን ሳንቲም ወርውረው ነው የጨረሱት፣ ሀና አሸነፈ። ባርቤራ ስዕልና ቀልድ፣ ሀና ደግሞ ጊዜ አጠባበቅ፣ ማለት የቱ ነገር በስንተኛው ፍሬም ይሁን የሚለውን የሚቆጣጠር ነበር።

2ኛው የሴት ልጅ ነው፣ እስከዛሬ ሀና የምትባለው የባርቤራ ሚስት መስላት እንደኖረች ተናዘዘች። አርባ ሰው ሳቀ። አትሳቁባት፣ እኔም እስከ ዩኒቨርሲቲ ድረስ እንደዛ ነበር የሚመስለኝ፣ ባልና ሚስት ቁጭ ብለው የሚስሉ።

3ኛው የወንጂ ልጅ ነው። በሰማንያዎቹ መጨረሻ ቪዲዮ ቤት 50 ሳንቲም ከፍሎ ካራቴ ለማየት ሲገባ ባለቤቱ ቤቱ እስኪሞላ ድረስ የቶም ኤንድ ጄሪ ካሴት ይለቅላቸው ነበር፣ ያው አንድ ካሴት፣ ከማለቁ የተነሳ ስዕሉ መሀል ላይ ነጭ መስመር አለው፣ ቶም ጣቱ ተቀጥቅጦ ሲጮህ ቴፑ ስለሚጎተት ጩኸቱ የጅብ ይሆናል። ከዛ ካራቴው ሲጀምር እንደውም ይደብረው እንደነበር ነው የጻፈው። ይሄን ተከትሎ 1ኛው ልጅ ተመልሶ ገባና ያ የቶም ጩኸት የራሱ የዊልያም ሀና ድምፅ እንደሆነ ነገረን። ያቺ ሚስት የመሰለችን ሀና ማለት ነው እንግዲህ እዬዬ የምትለው።

4ኛው ላይ ጋሼ መጡ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፣ እዚህ ቤት ብዙዎቻችንን አስተምረዋል፣ ሲጽፉም አራት ነጥብ አይረሱም። ስለ ካርቱን ብዙ አላሉም፣ ስለ አባባ ተስፋዬ ነው የጻፉት። ቴሌቪዥኑ በር ያለው፣ በቁልፍ የሚዘጋ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ነበር፣ የሰፈሩ ልጅ ጫማውን ደጃፍ አውልቆ ወለሉ ላይ ይደረደራል፣ አንድ ሽማግሌ ወንበር ላይ ተቀምጠው ተረት ያወራሉ፣ ከፊታቸውና ከእጃቸው በቀር የሚንቀሳቀስ ነገር የለም፣ ግን አይኑን የሚነቅል ልጅ አልነበረም ነው የሚሉት። ከዛ ሽባ የተባለችው ሴትዮ ድምፅ የማን እንደሆነ ጠየቁኝ። የራሴ ነው፣ አቅጥኜው። መልስ አልሰጠሁም።

5ኛው ለኔ የክሩ ትልቁ መልስ ነው። ሀዋሳ ያለ አኒሜተር ልጅ ነው፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፣ የሀና ባርቤራው ዮጊ ድብ ሆኖ ሱሪ እንኳን ሳይኖረው ኮሌታና ክራባት ለምን አደረገ? ብሎ። እኔ ዘናጭ ለማስመሰል መስሎኝ። አይደለም። በዛን ጊዜ ስዕሉ የሚቀባው መስታወት በሚመስል ቀጭን ፕላስቲክ ላይ ነው፣ ሰውነቱ አንድ ፕላስቲክ፣ ጭንቅላቱ ሌላ፣ አፉ ሌላ፣ ተደራርበው ከላይ በካሜራ ይነሳሉ። ዮጊ ሲያወራ ሰውነቱን እንደገና መሳል አያስፈልግም፣ ጭንቅላቱን ብቻ ትቀይራለህ፣ ኮሌታው የተቆረጠበትን መስመር ይሸፍነዋል። በቃ። አላመንኩም፣ ስልኩን ከልጄ ተቀብዬ ዮጊን ከፈትኩና እያቆምኩ እያስኬድኩ አየሁት፣ ጭንቅላቱ ወዲህ ወዲያ ይላል፣ አገጩ ይወጣል ይገባል፣ ክራባቱ ግን በሚስማር የተመታ ነው፣ ከክራባቱ በታች ድቡ ፎቶ ነው! ሲሮጥ ደግሞ ከኋላው ያለውን ቆጠርኩ፣ ዛፍ፣ ድንጋይ፣ ዛፍ፣ ድንጋይ፣ ከዛ ያው የመጀመሪያው ዛፍ ተመልሶ መጣ። ልጄ ስልኬን መልስልኝ ብላ አለቀሰች። ሀክልቤሪ የሚባለው ውሻ ቢራቢሮ ክራባት አለው፣ ፍሬድ ፍሊንትስቶን የድንጋይ ዘመን ሰው ሆኖ ክራባት አለው፣ እኔም ወዲያው ስኩቢ ዱም አንገቱ ላይ አለው ብዬ ጻፍኩ፣ ልጁ ግን ያ ውሻ ስለሆነ ነው፣ ውሻ ማሰሪያ ያደርጋል፣ ሁሉን ነገር ምስጢር አታድርገው አለኝ። ሼም ነው።

6ኛው ላይ ነው ነገሩ የሞቀው። ስሙን የሚቀያይረው ልጅ ነው፣ ታውቁታላችሁ። ቀሽም ስራ በታሪክ አይሸፈንም፣ ዳቦ ቤቱ ልክ ነው፣ ክራባት ስለተደረገለት ድቡ ተንቀሳቀሰ አይባልም አለ። የሚያስጠላው ነገር ማስረጃ ይዞ ነው የመጣው፣ ቸክ ጆንስ የሚባለው ትልቅ የካርቱን ዳይሬክተር (በኋላ ከ1963 እስከ 1967 ድረስ 34 የቶም ኤንድ ጄሪ ፊልም የሰራው) የቴሌቪዥን ካርቱኖችን ስዕል ያለው ሬዲዮ ብሎ ይሰድባቸው ነበር። አይንህን ብትጨፍን ምንም አያመልጥህም ማለት ነው።

7ኛው ሂሳብ ነው። ለሲኒማ አንድ የሰባት ደቂቃ ቶም ኤንድ ጄሪ በአስር ሺዎች ዶላር ይፈጅ ነበር፣ ቴሌቪዥን ግን ለመጀመሪያ ስራቸው፣ በታህሳስ 1957 ኤንቢሲ በሚባለው የአሜሪካን ቴሌቪዥን ላይ ለወጣው ራፍ ኤንድ ሬዲ፣ ለአምስት ደቂቃ የሰጣቸው ወደ 3,000 ዶላር ነው። ለደቂቃ 600 ዶላር ገደማ ማለት ነው። የሰነፈ ሰው ሳይሆን ኪሱን ያየ ሰው ነው ይላል። ለኔ ዳቦ ቤት በደቂቃ ስንት እንደወጣ አትጠይቁኝ።

8ኛው እንግዲህ ደስ ብሎት ገባ፣ ስቱዲዮው በ1957 ከተከፈተ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥንም የተጀመረው በ1957 ስለሆነ እኩያ ናቸው ብሎ። አስራ አንድ ሰው ላይክ አደረገው! 9ኛው ላይ አንዲት የታሪክ ተማሪ አስተካከለችው፣ የኛ ቴሌቪዥን በ1957 ዓመተ ምህረት ነው፣ በፈረንጅ 1964፣ ስለዚህ ሰባት ዓመት ይበላለጣሉ። ፍሊንትስቶንስ የጀመረው መስከረም 20 ቀን 1953 በኛ ነው ብላ ጨመረች፣ ከዛ ሶስት ወር ሳይሞላ የታህሳሱ ግርግር ተነሳ። አሜሪካን ሰው ፍሬድ በእግሩ መኪና ሲነዳ እያየ ይስቃል፣ አዲስ አበባ ላይ ታንክ ወጥቷል። እዚህ ቴሌቪዥን ሲመጣ እነሱ አራት የፍሊንትስቶንስ ሲዝን ጨርሰዋል።

ከ10 እስከ 13 ስለ ዲሽ ነው። ካርቱን በአረብኛ እያየን ስላደግነው፣ ጣራ ላይ ወጥቶ ዲሽ ስለማዞር፣ ከታች መጣ ወይ ብሎ ስለመጮህ፣ ከላይ ሄደ ስለማለት። አንዱ ቶም ኤንድ ጄሪ የሚወደድበት ምክንያት ወሬ ስለሌለው ነው፣ ሙዚቃው ነው የሚያወራው፣ ወንጂም ቶኪዮም እኩል ይገባል አለ፣ ትክክል ነው። ከዛ አዳማ ከተማ ባለፈው ሳምንት ስለተጫወተው ኳስ ገቡ፣ እሱን ዘለልኩት።

14ኛው የሚጠቅም ጥያቄ አመጣ፣ እሱ በልጅነቱ ያያቸው ቶምና ጄሪ ጓደኛሞች ነበሩ፣ አይደባደቡም፣ ጄሪ ቀይ ቢራቢሮ ክራባት አለው፣ ወይስ አልሜ ነው? ብሎ። አላለመም። በ1975 ሀና ባርቤራ ራሱ ለቴሌቪዥን ሲሰራቸው የአሜሪካን ወላጆች በካርቱን ውስጥ ያለውን ድብድብ ተቃውመው ስለነበር አስታረቋቸው። (ጄሪም ኮሌታ ደረሰው፣ አስተውሉ።) 15ኛው ደግሞ በጣም የሚያስፈሩት፣ ድምፃቸው ከጉድጓድ የሚመጣ የሚመስሉት የነማን ናቸው አለ፣ እነዛ 13ቱ ፕራግ ውስጥ በጂን ዳይች የተሰሩ ናቸው፣ 1961 እና 62።

16ኛው ያ የ6ኛው ልጅ ነው፣ አሁን ደግሞ ድብድብ የሌለው ቶም ኤንድ ጄሪ በርበሬ የሌለው ወጥ ነው ብሎ፣ እናቶችን ሰደበ። 17ኛዋ እናት ናት። ወንድ ልጇ የቶምን አይቶ የእህቱን እግር በመዶሻ እንደመታ፣ ጥፍሯ እስካሁን እንዳልበቀለ፣ በርበሬውን ራሱ እንዲበላ ነገረችው። ለአንድ ቀን ጠፋ።

18ኛውን ሳነብ ደነገጥኩ። ፍሊንትስቶንስን በመጀመሪያ ስፖንሰር ካደረጉት አንዱ ዊንስተን ሲጋራ ነበር፣ ፍሬድና ባርኒ ማስታወቂያው ላይ ተቀምጠው ያጨሳሉ። ምክንያቱም የልጆች አልነበረማ፣ ማታ ሰው ከስራ ሲገባ የሚታይ የትልቅ ሰው ኮሜዲ ነው፣ ለ6 ዓመት 166 ክፍል ሄደ። 19ኛው ከዛ ተነስቶ ስለ ጄትሰንስ፣ ስለዚሁ ስቱዲዮ ሌላ ካርቱን፣ ተከራከረ፣ በመቶ የሚቆጠር ክፍል አይቻለሁ ብሎ ማለ፣ መጀመሪያ በ1962 የወጣው ግን 24 ብቻ ነው፣ እነዛኑ ስንት ዓመት ሲደጋግሟቸው ኖረው በ1985 ሌላ ጨመሩበት፣ ተደምሮ 75። ይሄ ሰው እስካሁን አላመነም። 20ኛው ሰማያዊዎቹን ስመርፎች ጠየቀ፣ አዎ እነሱም የዚሁ ስቱዲዮ ናቸው፣ ፈጣሪያቸው ግን ፔዮ የሚባል የቤልጅግ ሰው ነው።

21፣ 22፣ 23 የሉም። አንዱ ናዝሬት ብሎ ጻፈ፣ ሌላው አዳማ በል አለ፣ ሶስተኛው ከሁለቱም ባሰ። አድሚኑ ጠረገው፣ ጥሩ አደረገ።

24ኛው በቁጭት ነው የጻፈው፣ ለምን የኛ የለንም ብሎ። እሷው የታሪክ ተማሪዋ 25ኛው ላይ ፀሐይ መማር ትወዳለችን ረሳኸው? አለችው፣ ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር የጀመረችው፣ በ2008 የፈረንጅ ጀርመን ላይ ፕሪ ዥነስ የሚባለውን የልጆች ቴሌቪዥን ሽልማት ያገኘው። እሱ ደግሞ ቀጭኔዋ አሻንጉሊት ናት እንጂ አኒሜሽን አይደለችም ብሎ ተቆጣ፣ ልክ ነው፣ እጅ ነው የሚያንቀሳቅሳት። ግን እዚህ ላይ ጋሼ ጣልቃ ገብተው ጨረሱት፣ የቀጭኔዋስ ቢሆን አፏና አንገቷ አይደለም ወይ የሚንቀሳቀሰው፣ ልጆቹ የሚሰሙት ድምፁን ነው አሉ። አያይዘውም 6ኛውን ልጅ በስሙ ጠርተው (እሳቸው ያውቁታል፣ አስተምረውታል) ስዕል ያለው ሬዲዮ ማለት ለኛ ስድብ እንዳልሆነ፣ የዚህ አገር ሰው የሬዲዮ ድራማ ሲሰማ ወጥ ያሳርር እንደነበር ነገሩት። ለዚህ ነው ዳውስ በትለር የሚባል አንድ ሰው ዮጊንም ሀክልቤሪንም ሆኖ የሚናገረው፣ ድምፁ ካልያዘህ ክራባት ያደረገ ድብ ምን ይሰራልሃል።

26ኛው ስለ ሽያጩ ነው፣ ስቱዲዮው በስልሳዎቹ መጨረሻ ታፍት ለሚባል ድርጅት በ12 ሚሊዮን ዶላር ሄደ፣ በ1991 ተርነር የሚባለው የቴሌቪዥን ድርጅት በ320 ሚሊዮን ገዛው፣ በዓመቱ ካርቱን ኔትወርክን ሲከፍት ቀኑን ሙሉ የሚያሳየው ያንን አሮጌውን ክምችት ነበር። አያችሁ፣ ኤምጂኤም አሮጌው ይበቃል ብሎ ያባረራቸው ሰዎች አሮጌያቸው ቻናል ከፈተ። 27ኛው ስዕሉን በኋላ ታይዋን ልከው ያስሉ እንደነበር ሰምቶ ለኛም ይላኩልን አለ፣ 28ኛው መብራቱን ማን ይልክልናል አለው።

29ኛው አዲስ አካውንት ነው፣ ፎቶ የለውም። ዳቦ ቤቱን ያውቀዋል ብዬ ጠርጥሬያለሁ። ሰው በከፈለው ልክ ማየት መብቱ እንደሆነ፣ ሀና ባርቤራ ለደንበኛው መብራት ጠፋብኝ ብሎ ግማሽ ስራ እንዳላስረከበ፣ ክራባቱን ያሰበው ከመስራቱ በፊት እንጂ ብር ከተቆረጠበት በኋላ እንዳልሆነ በአጭሩ ጻፈ። ተናድጄ ረጅም መልስ ጻፍኩ፣ አጠፋሁት፣ እንደገና ጻፍኩ፣ አጠፋሁት። ምን ልበል፣ የመጨረሻዋ ነገር እውነት ናት።

30ኛው የወንጂው ልጅ ያንን ካሴት ሰው ጋር ካለ እገዛለሁ ይላል፣ ከነነጭ መስመሩ። 31ኛው የሀዋሳው ነው፣ ሴትዮዋን ፋይሏን ላክልኝ አለኝ፣ ላኩለት።

ከፍቶ ያየውን በስልክ ነገረኝ፣ አንገቷ ባዶ ነው፣ ጭንቅላቷን ባዞር ስንጥቁ ይታያል፣ ስለዚህ ሳላውቅ ፈርቼ ነው ገትሬ ያቆምኳት። ዳቦ የምትሸጥ ሴትዮ ደግሞ ክራባት አታደርግም። ሁለታችንም ዝም አልን፣ ከዛ ባለቤቴ ከኩሽና ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠምጥማ ወጣች። ትናንት ማታ ነጠላ አደረግኩላት፣ ጥለቱ ለብቻው ሌየር ነው፣ አሁን ጭንቅላቷ ወደ ዳቦው ይዞራል፣ ወደ ሰው ይመለሳል፣ ስንጥቁ የለም። ድምፁንም ቀየርኩት፣ ጎረቤታችን እትዬ ናቸው፣ በስልክ ቀድቼያቸው። ጋሼ፣ ፋይሉን በቴሌግራም ልኬልዎታለሁ፣ ሲመችዎት ይዩልኝ።